በሽታን ከማንሆል መፈለግ

የፖሊዮ ጠብታ የሚሰጡ ወጣቶች ሳጥናቸውን አንጠልጥለው በር ሲያንኳኩ ብዙ ጊዜ የሚገጥማቸው ጥያቄ አንድ ነው። «ባለፈውም ሰጥታችኋል። እዚህ ግቢ የታመመ ልጅ የለም። ደግሞ ምን ተገኘ?» ከአራት ኪሎ እስከ ልደታ እንዲህ የሚል ወላጅ አይጠፋም። ጥያቄው ደግሞ ተገቢ ነው። የታመመ ሰው ሳይኖር በሽታ መኖሩ በምን ይታወቃል?

ከእግራችን ሥር ባለው ፍሳሽ ይታወቃል።

ነገሩን በፖሊዮ ብንጀምረው ይቀላል። የፖሊዮ ቫይረስ ከሚይዛቸው 200 ሰዎች ገደማ እጁ ወይም እግሩ ሽባ ሆኖ የሚቀረው አንዱ ነው። አብዛኞቹ ምንም አይሰማቸውም። ጥቂቶቹን ትኩሳት ቢጤ ይነካቸውና ጉንፋን ነው ተብሎ ያልፋል። ነገር ግን ምንም ያልተሰማቸውም ጭምር ቫይረሱን በሰገራቸው ለሳምንታት ያስወጣሉ። ስለዚህ አንድ ሕፃን እግሩ ዝሎ ሆስፒታል ሲደርስ፣ ቫይረሱ በመቶዎች በሚቆጠሩ ጤነኛ መሳይ ሰዎች ውስጥ አልፏል ማለት ነው። ሐኪም የሚያየው የመጣለትን ነው። ሽንት ቤት ግን ሁሉም ይሄዳል። የታመመውም፣ ሊታመም ያለውም፣ ታሞ ክሊኒክ የመሄጃ ገንዘብ ያጣውም።

ሐሳቡ አዲስ አይደለም። አሜሪካውያኑ ጆን ፖልና ጄምስ ትራስክ በ1930ዎቹ መጨረሻ (እ.ኤ.አ.) ከከተማ ፍሳሽ የፖሊዮ ቫይረስ አግኝተዋል። ያኔ ዛሬ ያለው መሣሪያ ስላልነበረ ፍሳሹን አጣርተው ዝንጀሮ ወግተው ነበር የሚጠብቁት። ዝንጀሮው ሽባ ከሆነ ቫይረሱ አለ። ከእነሱ ጥቂት ዓመታት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ፣ እንግሊዝ ውስጥ ሙር የሚባል ተመራማሪ የቁስል ፋሻ በገመድ አስሮ ወደ ፍሳሽ መስመር አወረደ። ፋሻው ለቀናት ፍሳሹ ውስጥ ቆይቶ ባክቴሪያውን ይይዛል። ውጤት በተገኘበት መስመር ወደ ላይ እየወጣ፣ በየመገናኛው ፋሻ እያሰረ፣ የፓራታይፎይድ (የታይፎይድ ዘመድ የሆነ በሽታ) ባክቴሪያ ከየት እንደሚመጣ ደረሰበት። የሙር ፋሻ እስከ ዛሬ ይሠራበታል። እኔ ይህን ዘዴ የምወደው ርካሽ ስለሆነ ነው። የሚያስፈልገው ፋሻ፣ ገመድና ትዕግሥት ነው።

የፍሳሽ ክትትል ምን ያህል ሊቀድም እንደሚችል በደንብ የታየው እስራኤል ውስጥ ነው። አገሪቱ ለፖሊዮ ብላ ፍሳሽ ስትመረምር ዓመታት አስቆጥራ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2013 በደቡብ፣ ራሃት በምትባል የበደዊን ከተማ ፍሳሽ ውስጥ ዋናው፣ የዱር የሚባለው የፖሊዮ ቫይረስ ተገኘ። በአገሪቱ አንድም ሽባ የሆነ ልጅ አልነበረም። ልጆቹ በመርፌ ተከትበዋል። የመርፌው ክትባት ልጁን ከሽባነት በደንብ ይጠብቀዋል። ቫይረሱ አንጀት ውስጥ እንዳይራባ በማድረግ በኩል ግን ከጠብታው ያንሳል። ስለዚህ ልጆቹ ሳይታመሙ ቫይረሱን እየተቀባበሉት ነበር። መንግሥት ከአሥር ዓመት በታች ላሉ ልጆች ጠብታ ጨመረ፤ ወደ አንድ ሚሊዮን የሚጠጉ ወሰዱ። ቫይረሱ ጠፋ። ሽባ የሆነ ልጅ ሳይኖር ተጀምሮ፣ ሽባ የሆነ ልጅ ሳይኖር አለቀ። በየሆስፒታሉ የሕመምተኛ መዝገብ ብቻ የሚጠበቅ ቢሆን ኖሮ ወሬውም አይሰማም ነበር።

ሁልጊዜ እንዲህ አያምርም። በጋዛ እ.ኤ.አ. ሐምሌ 2024 የፖሊዮ ቫይረስ ፍሳሽ ውስጥ ተገኘ። በነሐሴ አንድ የአሥር ወር ሕፃን ሽባ መሆኑ ተረጋገጠ። ፍሳሹ ቀድሞ ተናግሯል፤ በጦርነት መሃል ጠብታውን ለልጆቹ ማድረስ ግን ሌላ ነገር ነው። ለንደንም እ.ኤ.አ. በ2022 በፍሳሽ ብቻ ተነሥታ ልጆቿን ተጨማሪ ክትባት ሰጥታለች። «የድሃ አገር ጣጣ ነው» ለሚል ሰው ይህን ማስታወስ ይጠቅማል።

ወደ ሥራው እንግባ። ናሙና የሚቀዳው ማለዳ ነው። ከተማው ነቅቶ ሽንት ቤት በሚሄድበት ሰዓት ማለት ነው። ጓንት፣ የአፍንጫ መሸፈኛና ቦቲ ጫማ ያደረገ ሰው የማንሆሉን ክዳን ያነሳል። ገመድ የታሰረበት ባልዲ ያወርድና አንድ ሊትር ያህል ይቀዳል። ጠርሙሱ ታሽጎ፣ ቦታና ሰዓት ተጽፎበት፣ በረዶ ያለበት ሳጥን ውስጥ ይገባል። ሙቀት ካገኘው ቫይረሱ ይሞታል፤ ስለዚህ ትራፊክ የላብራቶሪ ጉዳይ ይሆናል። አንዳንድ ቦታ በየሰዓቱ ትንሽ ትንሽ እየቀዳ ቀኑን ሙሉ የሚያጠራቅም ማሽን አለ። የማንሆል ክዳን እንኳ ተሰርቆ በሚሸጥበት ከተማ ማሽኑን ያለ ዘበኛ ትቶ መሄድ የሚደፍር መቼም አይገኝም።

የአገሪቱ የፖሊዮ ላብራቶሪ ያለው የኢትዮጵያ የሕብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ውስጥ ነው። ከጳውሎስ ሆስፒታል አጠገብ፣ ሰዉ ዛሬም ፓስተር በሚለው ሰፈር። የፖሊዮ ምርመራ ከባዱ ክፍል ማጠራቀም ነው። በአንድ ሊትር ፍሳሽ ውስጥ ያለው ቫይረስ በጣም ጥቂት ሊሆን ይችላል። ከሊትሩ ግማሹ ተወስዶ ሁለት ኬሚካሎች ይጨመሩበትና ያድራል። ጠዋት ፈሳሹ በንብርብር ተለያይቶ፣ ቫይረሱ ቀጭኗ ንብርብር ውስጥ ተሰብስቦ ይገኛል። ግማሽ ሊትሩ ወደ ጥቂት ሚሊ ሊትር ወረደ ማለት ነው። ይህ በላብራቶሪ በሚያድጉ ሕያው ሴሎች ላይ ይጨመራል። ከሴሎቹ አንዱ ዓይነት ከአይጥ የተገኘ ነው። የአይጥ ሴል በተፈጥሮው ፖሊዮን አያስገባም። ሳይንቲስቶች ግን ቫይረሱ የሰውን ሴል የሚገባበትን በር ጨምረውበታል። ስለዚህ ይህ ሴል ከሞተ ጥርጣሬው ወደ ፖሊዮ ያዘነብላል። ከዚያ በፒሲአር (ዘረመልን አባዝቶ በሚለይ ምርመራ) ዓይነቱ ይለያል፤ በመጨረሻም ዘረመሉ ፊደል በፊደል ይነበባል።

ይህ የመጨረሻው ንባብ ለእኛ አገር በተለይ ያስፈልጋል። ጠብታው ውስጥ ያለው ቫይረስ የተዳከመ ቢሆንም ሕያው ነው። የተከተበ ልጅም በሰገራው ያስወጣዋል። ስለዚህ በፍሳሽ ውስጥ የክትባት ቫይረስ ማግኘት ብቻውን አያስደነግጥም። የሚያስደነግጠው፣ ክትባት ያልደረሳቸው ልጆች በበዙበት ቦታ ይህ የተዳከመ ቫይረስ ከልጅ ወደ ልጅ ሲዘዋወር ቆይቶ፣ ተለውጦ፣ እንደገና ሽባ የማድረግ አቅም ሲያገኝ ነው። ኢትዮጵያ ከእ.ኤ.አ. 2019 ጀምሮ የተቸገረችው በዚህኛው ነው። ዋናው የዱር ቫይረስ ከአፍሪካ መጥፋቱ የታወጀው እ.ኤ.አ. በ2020 ሲሆን፣ እኛ ዘንድ ለመጨረሻ ጊዜ የታየው እ.ኤ.አ. በ2014 ነበር።

ንባቡ ዕድሜም ይናገራል። የፖሊዮ ዘረመል በዓመት ወደ 1 በመቶ ገደማ ይለወጣል። ለምርመራ የሚነበበው ክፍል 900 አካባቢ ፊደላት አሉት። ከክትባቱ በ18 ፊደል የተለየ ቫይረስ ማንሆል ውስጥ ከተገኘ፣ ሁለት ዓመት ያህል የሆነ ቦታ ሳይታይ ሲዘዋወር ኖሯል ማለት ነው። ይህ ለጤና ቢሮ ኃላፊዎች ደስ የማይል ዜና ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ ክትባት ያልደረሰው ሰፈር አለ ማለት ነውና።

አሁን ደግሞ በርበሬ። አዎ፣ በርበሬ። ፍሳሽ በውሃ ሊቀጥን ወይም ሊወፍር ስለሚችል፣ የተገኘው ቫይረስ በዛ ወይስ አነሰ ለማለት ማነጻጸሪያ ያስፈልጋል። በተቀዳው ናሙና ውስጥ የሰው ሰገራ ምን ያህል ነው? ተመራማሪዎች ለዚህ ከሚጠቀሙባቸው መለኪያዎች አንዱ የበርበሬን ተክል የሚያጠቃ ቫይረስ ነው። ሰውን አያሳምምም። ከቃሪያና ከበርበሬ ጋር ተበልቶ፣ በሆድ አልፎ፣ ሳይሞት ይወጣል። በዓለም ዙሪያ ፍሳሽ ውስጥ የሚገኘው እጅግ ብዙ ነው። ለኮሮና ክትትል በብዙ አገር ይህ ማካፈያ ሆኖ አገልግሏል። በርበሬ በሚበላ ሕዝብ ላይ እንዴት እንደሚሠራ ማየት ያጓጓኛል። በጾም ሽሮ፣ በፍስክ ወጥ፤ አዲስ አበባ ውስጥ ማካፈያው የሚያልቅ አይመስለኝም።

ኮሮናን ካነሳን፣ ደች ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2020 በአመርስፎርት ከተማ ፍሳሽ ውስጥ የቫይረሱን ዘረመል ያገኙት ከተማዋ የመጀመሪያ ሕመምተኛዋን ከማሳወቋ ቀናት ቀድመው ነው። እኛ አገር የመጀመሪያው ሰው የታወቀው መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም ነበር። ከዚያ በኋላ የነበረውን ሁላችንም እናስታውሳለን። ምርመራ ለማግኘት ሰልፍ፣ ውጤት ለማግኘት ሌላ ሰልፍ። ፍሳሽ ሰልፍ አያስይዝም።

ከሁሉ ይልቅ ግን ለአዲስ አበባ ይጠቅማል የምለው ለታይፎይድ ነው። እስቲ በዙሪያችሁ ጠይቁ። ራስ ምታትና ትኩሳት ይዞት ክሊኒክ ሄዶ «ታይፎይድም ታይፈስም አለብህ» ያልተባለ ሰው አለ? ሁለቱም በአንድ ላይ፣ በአንድ ወረቀት። ምክንያቱ ዊዳልና ዌል-ፌሊክስ የሚባሉት የደም ምርመራዎች ናቸው። የሚለኩት ሰውነት ያመረተውን መከላከያ ነው። የድሮ ሕመም ወይም ሌላ ዘመድ ባክቴሪያ ሊያሳስታቸው ይችላል። አስተማማኙ ደምን በላብራቶሪ አሳድጎ ባክቴሪያውን ማየት ነው፤ ያ ደግሞ ቀናትና ገንዘብ ይፈልጋል። ስለዚህ በከተማው ውስጥ እውነተኛው ታይፎይድ ምን ያህል እንደሆነ ከክሊኒክ ወረቀት ለማወቅ ያስቸግራል። የታይፎይድ ባክቴሪያ በሰገራ ይወጣል። በማላዊዋ ብላንታይርና በሕንድ ከተሞች ከፍሳሽና ከወንዝ እየቀዱ፣ የሙርን ፋሻ ጭምር እየተጠቀሙ ፈልገውታል። ታይፈስ ግን በቅማል የሚተላለፍ ስለሆነ እዚህ ውስጥ አትፈልጉት። ወባም እንዲሁ። ዘዴው የሚሠራው ከሰውነት ወጥቶ ፍሳሽ ውስጥ ለሚገባና ምልክቱ እስኪቀዳ ለሚቆይ ተሕዋስ ነው።

መድኃኒት የለመዱ ባክቴሪያዎችም ከዚያው ይታያሉ። ጉሮሮው በከረከረው ቁጥር ያለ ሐኪም ትእዛዝ አሞክሳሲሊን ገዝቶ፣ በሦስተኛው ቀን ሲሻለው የሚተው ሰው ብዙ ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመ፣ 60 አገሮችን ያካተተ የፍሳሽ ጥናት ግን ጣቱን መድኃኒት አጠቃቀም ላይ ብቻ አልቀሰረም። መድኃኒት የመቋቋም ዘረመሎች ብዛት ከንጽሕናና ከጤና አገልግሎት ሁኔታ ጋር የበለጠ ይያያዛል ብሏል። ሽንት ቤቱ ራሱ የችግሩ አካል ነው ማለት ነው።

እስካሁን የተባለው ሁሉ ግን አንድ ነገር ላይ ይቆማል። ጠርሙሱ የት ይጠለቅ?

ኔዘርላንድስ ውስጥ ይህ ጥያቄ ቀላል ነው። ቤቱ ሁሉ ማለት ይቻላል ከመስመር ጋር ተያይዟል። ከ300 በላይ ማጣሪያ ጣቢያዎች በር ላይ ቆሞ የቀዳ፣ አገሩን ቀዳ። አዲስ አበባ እንደዚያ አይደለችም። መሬቷ ያግዛል። ከእንጦጦ አናት እስከ አቃቂ ድረስ ከተማው ቁልቁል ነው፤ ፍሳሹም ያለ ሞተር ይወርዳል። ከመሃል ከተማ የሚነሱት ትልልቅ መስመሮች ወደ ቃሊቲ ማጣሪያ ጣቢያ ይሄዳሉ። ጣቢያው ከተስፋፋ ወዲህ በቀን 100,000 ሜትር ኩብ እንዲያጣራ ተደርጎ የተሠራ ነው። እዚያ የተቀዳ ጠርሙስ ስለ ሆቴሎቹ፣ ስለ መሥሪያ ቤቶቹ፣ ስለ ሆስፒታሎቹ፣ ከመስመሩ ጋር ስለተገናኙት አፓርታማዎች ያወራል። ጉድጓድ ስላላቸው ቤቶች ግን ምንም አይልም። አብዛኛው የከተማው ሰው ደግሞ ያለው እዚያ ነው። አንድ ሽንት ቤት ለስድስት ቤተሰብ፣ ሲሞላ ገንዘብ አዋጥቶ ቦቴ መጥራት፣ ማስመጠጥ። ክትባት ያመለጠው ልጅ የሚገኘው የትኛው ዘንድ ይመስላችኋል? ከአሥራ ሁለተኛ ፎቅ ይልቅ የጋራ ጉድጓዱ ግቢ ውስጥ አይደለም?

ስለዚህ ቃሊቲ ላይ ብቻ ቀድቶ «አዲስ አበባ ነፃ ናት» ማለት፣ እኔን ከጠየቃችሁኝ፣ ራስን ማታለል ነው።

ሌላ መንገድ አለ። ፍሳሽ መስመር በሌለባቸው አገሮች ፖሊዮን የሚከታተሉ ሰዎች ከተከፈተ ቦይና ከወንዝ ይቀዳሉ። ባንቲይቀጡ፣ ቀበና፣ ጊንፍሌ፣ ቁርጡሜ፤ እነዚህ ወንዞች ዳር ያለው ብዙ ሽንት ቤት በቱቦ በቀጥታ የሚለቀው ወደ እነሱ ነው። ክረምት ሲመጣ ጉድጓዱን ከፍቶ የሚለቅም አለ፤ ይህን የማያውቅ የመሃል አዲስ አበባ ልጅ የለም። ከወንዝ የተቀዳ ናሙና ችግሩ ብዙ ነው። የጋራዥ ዘይትና የፋብሪካ ኬሚካል የፒሲአርን ሥራ ያበላሻሉ። የከብትም እበት ይገባበታል። ለፖሊዮ ግን አንድ መጽናኛ አለ። ይህ ቫይረስ በተፈጥሮ የሚራባው በሰው ብቻ ነው። ቀበና ወንዝ ውስጥ ከተገኘ ከሰው የመጣ ነው፤ ላሟ ነፃ ናት። ለታይፎይድም እንዲሁ፤ ባክቴሪያው የሰው ብቻ ነው።

ቦቴዎቹም አሉ። እያንዳንዱ ቦቴ ከየትኛው ግቢ መጥጦ እንደመጣ ይታወቃል። ሁሉም የሚያራግፉት በጥቂት ቦታ ነው፤ ኮተቤ ወይም ቃሊቲ። ማራገፊያው ላይ ቆሞ ከየክፍለ ከተማው የመጣውን ለየብቻ መቅዳት ይቻላል። አንድ ሐሳብ ብቻ ያስቸግራል። ጉድጓድ የሚመጠጠው በወራት ወይም በዓመታት አንዴ ነው። ያ የተመጠጠው የዛሬውን አይናገርም። ለእኔ ይህ ከባዶ ይሻላል። የኮንዶሚኒየም ሰፈሮች ደግሞ ከሁሉ ምቹ ናቸው። አንዳንዶቹ የራሳቸው ማጣሪያ አላቸው፤ ስንት አባወራ እንዳለ ይታወቃል፤ ፍሳሹ አንድ ቦታ ይወጣል።

መሃል ከተማው ላይ ግን «ስንት ሰው» የሚለው ቁጥር ራሱ አይረጋም። ፒያሳና ካዛንቺስ ፈርሰው ነዋሪው ወደ ዳር ሄዷል። ከዚያ ማንሆል በላይ ስንት ቤት አለ ተብሎ የተሠራ ካርታ አሁን አይሠራም። በቀን ለሥራ የሚመጣው ሰው ደግሞ ማታ ሌላ ቦታ ነው። አውቶቡስ ተራ አካባቢ የተቀዳ ናሙና ውስጥ የተገኘ ቫይረስ የመርካቶ ሰው ይሁን ትናንት ከክፍለ ሀገር የገባ መንገደኛ ማን ያውቃል? ይህ ጉድለት ብቻ አይደለም። አገሩ ሁሉ በአዲስ አበባ ስለሚያልፍ፣ ከሩቅ የመጣ ቫይረስ መጀመሪያ እዚሁ ሊያዝ ይችላል። የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ በአንድ የመቅጃ ቦታ ከ100,000 እስከ 300,000 ሰው ቢኖር ይመረጣል ይላል። በዚህ ሒሳብ አዲስ አበባ ብዙ ቦታ ይፈልጋል።

ክረምትም የራሱ ጣጣ አለው። ከሰኔ እስከ መስከረም የጎርፍ ውሃ በየማንሆሉ ስለሚገባ ፍሳሹ ይቀጥናል። ኮሌራና አተት የሚያሰጉት ደግሞ በዚያው ወቅት ነው። በ2008 ዓ.ም ክረምት አተት መሃል አዲስ አበባ ገብቶ ሰዉ ሰላጣ መብላት እንደፈራ ብዙዎች ያስታውሳሉ። በዚህ ወቅት «አልተገኘም» የሚል ውጤት ሲመጣ የዝናቡን መጠን አብሮ መጠየቅ ነው።

የማይናገረውንም እንወቅ። ፍሳሽ «እዚህ አለ» ይላል፤ «እየጨመረ ነው» ሊል ይችላል። «374 ሰው ታሟል» አይልም። ማን እንደሆነም አይናገርም። የሺዎች ሰገራ ተደባልቆ የአንድን ሰው ስም ማውጣት አይቻልም። ቦታው እያነሰ ሲሄድ ግን ነገሩ ይለወጣል። አሜሪካ ውስጥ የአሪዞና ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2020 የአንድ ዶርም ፍሳሽ ውስጥ ኮሮና ሲያገኝ ነዋሪዎቹን ሁሉ መርምሮ ምልክት የሌላቸው ሁለት ተማሪዎች ላይ ደረሰ። ለተማሪዎቹ ጠቀመ። ግን አስቡት። የአንድ ሰፈር ስም በሬዲዮ «ኮሌራ ተገኘባት» ተብሎ ቢነገር፣ እዚያ እንጀራ ጋግራ የምትሸጠው ሴት ነገ ደንበኛ አላት? ስለዚህ ውጤቱን ማን ያየዋል የሚለው ጥያቄ ከላብራቶሪው እኩል መታሰብ አለበት።

ውጤት ሲመጣ የሚሆነው እንዲህ ነው። አንድ ናሙና ብቻውን ከተማ አያስነሳም። ከዚያው ቦታ ደጋግሞ ይቀዳል፤ ከላይና ከታች ያሉት ነጥቦችም ይታያሉ። በአቅራቢያው ጤና ጣቢያዎች ከ15 ዓመት በታች ሆኖ በድንገት እጅ እግሩ የዛለ ልጅ መጥቶ እንደሆን ይፈለጋል። የክትባት መዝገብ ይገለበጣል። ከዚያ ነው ሳጥን ያንጠለጠሉት የሚወጡት። ለሕዝብ የሚነገረውስ? እኔ ብሆን በየወሩ በክፍለ ከተማ ደረጃ ተገኘ ወይም አልተገኘም ብዬ ከስንት ቦታ እንደተቀዳ ጨምሬ አወጣ ነበር። ከዚያ በታች ያለው የማንሆልና የግቢ ካርታ ለባለሙያዎቹ ይቅር።